አሥራ ስድስተኛዋ አሃዝ

ፓክ ራስሙዲ ሁለት ሚስቶች እንዳሉት የሰማው ሊያገባ በተነሳበት ሰሞን ነው። የነገረችው ደግሞ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ጸጉሩን በኮኮናት ዘይት ለጥ አድርጎ አበጥሮ፣ ለዒድ ብቻ የሚያወጣትን ቡናማ ሸሚዝ ለብሶ፣ መታወቂያውንና የቤተሰብ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ በብስክሌት ሲወርድ ያየው ሁሉ ነገሩ ገብቶታል። የመዳብ ማኅተም ሠሪ በሥራ ቀን እንዲያ አይለብስም። በጃቲክምባር መንደር፣ በባቲክ ጨርቅ ላይ ሰም የሚታተምበትን ማኅተም እንደ እሱ አጥርቶ የሚሠራ አልነበረም፤ ከፔካሎንጋን ከተማ ድረስ እየመጡ ያሠሩታል። ከመዳቡ የተነሳ ጣቶቹ አረንጓዴ ሆነው ስለቀሩ ያን ዕለት በሎሚ ሲፈገፍጋቸው ነው ያረፈደው።

የፈለገው አንዲት ወረቀት ናት፤ «ይህ ሰው ሚስቱ ሞታበታለች፣ ማግባት ይችላል» የምትል። በመታወቂያው ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ያም ሆኖ ጎረምሳ ይሁን ሽማግሌ፣ ያለዚያች ወረቀት የሚያጋባው የለም።

ጸሐፊዋ ምባክ ኢስቲ ሠላሳ ያልሞላት፣ ክሩፑክ፣ ያ የሚንኮሻኮሸው ስስ ጥብስ፣ ከእጇ፣ ቀልድ ከአፏ የማይጠፋ ሴት ናት። የመታወቂያውን ቁጥር እያየች ኮምፒውተሩ ላይ መታች። ስክሪኑን አየችና ክሩፑኳን ማንኮሻኮሿን አቆመች።

«ፓክ» አለች፣ አባባ እንደ ማለት፤ «ሚስቶችዎ ያውቃሉ?»

«የምን ሚስቶች?»

«ሁለቱ ናቸዋ።»

ራስሙዲ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ኢስቲ ሳትስቅ ስትቀር ደግሞ ነገሩ የምር ነው።

«ልጄ፣ የኔ ሚስት ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። በየሐሙሱ መቃብሯን የምጠርገው እኔው ነኝ።»

«እሷማ ነፍሷን ይማር፣ እዚህም ሞታለች ይላል። ከሷ ሌላ ያሉትን ነው የምልዎት።» ስክሪኑን ወደሱ አዞረችው። «ቡ ሩሚያህ፣ አራት ልጆች። ቡ ጁሚንተን፣ ሰባት ልጆች። አሥራ አንድ ልጅ ይዘው ነው እንዴ ብቻዬን ነኝ እያሉ ሰው የሚያሳዝኑት?»

«ሩሚያህ የካስዱ ሚስት ናት። ጁሚንተን የታርሙጂ ሚስት ናት።»

«እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ሲስተሙ ነው የማያውቀው።»

ካስዱና ታርሙጂ የራስሙዲ አብሮ አደጎች ናቸው። ሦስቱ በአንድ ወንዝ ዋኝተዋል፣ ከአንድ ዛፍ ማንጎ ሰርቀዋል፣ በአንድ ቀን ተገርዘዋል። ሚስት ግን ተጋርተው አያውቁም።

ኢስቲ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ምን መሰለዎት፤ ቀላል መንገድ አለ። ሲስተሙ ሦስተኛ ሚስት አይከለክልም። ሁለቱ ሚስቶች ፈቅደናል ብለው ይፈርሙ ነው የሚለው። ደብዳቤውን ላትምልዎት፣ እነሱ እንደሆኑ ለሳቅ ብለውም ይፈርማሉ፣ የቀረውን ለኔ ተዉት። ሰርግዎ መቼ ነው?»

«የሚቀጥለው ረቡዕ።»

«ሱሮስ መቼ ይገባል?»

«ዓርቡን።»

የሱሮ ወር ከገባ በጃቫ ምድር የሚያገባ የለም፤ ያገባም ቢኖር ሲጣላ ሰው አይገረምም። ረቡዕን ደግሞ የመረጠው የመንደሩ ቀን ቆጣሪ ነው። ራስሙዲ የተወለደበትን ዓመት አያውቅም፤ ቀኑ ግን በጃቫ የአምስት ቀን ዙር አቆጣጠር ማክሰኞ ክሊዎን መሆኑን እናቱ ደጋግማ ነግራዋለች። ቆጣሪው የሱን ቀንና የሙሽሪትን ቀን ደማምሮ፣ ከዚያ ረቡዕ ሌላ የሚስማማ የለም ብሎ ዘጋው።

ራስሙዲ ሁለቱን የፈቃድ ደብዳቤዎች አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ሙሽሪት ዋርቲናህ ትባላለች። ከድልድዩ ሥር ጠዋት ጠዋት ሜጎኖ፣ በለጋ የጃክ ፍሬና በኮኮናት የተለወሰ ሩዝ፣ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ትሸጣለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወገቧ ቀጥ ያለ፣ ዓይኗ ቶሎ የማይሰበር፤ ራስሙዲን «ካንግ»፣ ወንድምዬ፣ እያለች ነው የምትጠራው። ራስሙዲ ነገሩን በሳቅ ጀመረው፤ መሃል ላይ ሲደርስ እሱ ብቻ እየሳቀ መሆኑን አወቀ።

«ስንተኛ ነኝ ነው የምትለኝ፣ ካንግ?»

«በማሽኑ ብቻ እኮ ነው…»

«ስንተኛ?»

«ሦስተኛ።»

ዋርቲናህ የያዘችውን ቅጠል በቀርከሃ ስንጥር ወጋ አድርጋ ዘጋችው። «የመጀመሪያ ባሌን ስቀብር ከተጋል ከተማ የመጣች አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ ከጎኔ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ማነሽ ብላት፣ ሚስቱ ነኝ አለች። ሳላውቅ ዘጠኝ ዓመት በተራ ቁጥር ተቆጥሬ ኖሬያለሁ። አሁን ዐውቄ አልቆጠርም። በወረቀትም፣ በማሽንም።»

«ማንም አያየውም።»

«እኔ አየዋለሁ። ንጹሕ ወረቀት አምጣ። ካላመጣህ ሱሮ ይገባል፤ ሱሮ እስኪወጣ ደግሞ ሱራባያ ከተማ ያለችው ልጄ ነይ፣ ነይ እያለች ልቤን ትወስደዋለች። ራሴን ስለማውቀው ነው የምነግርህ።»

በማግሥቱ ራስሙዲ ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበር። የቀን ልብሱን ለብሷል፤ መነጽሩን ይዟል።

«እስቲ ሰዎቹን ሁሉ አሳዪኝ» አላት ኢስቲን።

«ሁለት ሺ ሦስት መቶ ሰው ነው ፓክ።»

«ጊዜ አለኝ።»

ቀስ እያለች ወደ ታች ስታወርድለት እሱ ስሞቹን አላየም። እንደ ልማዱ ጠርዝ ጠርዙን አየ። የማኅተም ሠሪ ዓይን መሃሉ ላይ ያለው አበባ ቢያምር አይደለልም፤ አንዱ ማኅተም ከሌላው የሚጋጠምበት ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መነጽሩን አወለቀ።

«የመንደራችን ሰው ሁሉ በዜሮ ነው እንዴ የሚያልቀው?»

ኢስቲ አየች። ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች። የራሷን መታወቂያ ከቦርሳዋ አወጣች፤ በአራት ነው የሚያልቀው። ስክሪኑ ላይ በዜሮ ያልቃል። ክሩፑኩን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ባለፈው ዓመት ወደ አዲሱ ሲስተም ስናዛውር፣ ሁሉንም ሰንጠረዥ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «መታወቂያችን አሥራ ስድስት አሃዝ ነው። ሰንጠረዡ ደግሞ አሥራ አምስት ነው የሚይዘው። አሥራ ስድስተኛዋን ዜሮ አድርጎ አስቀምጧታል።»

«ሳይጠይቅሽ?»

«ሳይጠይቀኝ። ቁጥር መሰለዋ። ይኼን በሚያህል ቁጥር መጨረሻ ላይ ሰባት ሆነ ዜሮ ሆነ ማን ያያል ብሎ ነው። አንድ መርከብ ሙሉ ሩዝ ሲመዘን ሰባት ፍሬ ብትጎድል ማን ይቆጥራል?»

«ሰባቷ ፍሬ እኔ ነኛ።»

«እርስዎ ነዎት።»

ራስሙዲ ተናደደ፤ ለሰው እንደሚናደደው ሳይሆን ለባለ ሙያ እንደሚናደደው። እሱ ዘንድ ሥራ ሊማር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ነገር ይኼ ነው፦ ጠርዙ ላይ ጸጉር የምታህል ብታጎድል ማኅተሙን ስታየው አይታወቅህም፤ ጨርቁ ላይ ስትመታው፣ አሁንም ስትመታው፣ ስትደጋግመው ግን ሐረጉ ከሐረጉ ሳይገናኝ ይቀራል። «ታዲያ ሰዉ እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አለ?»

«አብዛኛው ሰው መጨረሻው ቢቆረጥበትም ከሌላው ይለያላ። የልደት ቀኑ እኮ ቁጥሩ ውስጥ አለ። የተደራረቡት እንደናንተ በአንድ ቀን የተወለዱት ናቸው።»

እነሱ በአንድ ቀን አልተወለዱም። ዱሮ የመታወቂያ መዝጋቢ መንደሩ ሲመጣ ሦስቱ ተከታትለው ተሰለፉ፤ ካስዱ ከፊት፣ ራስሙዲ መሃል፣ ታርሙጂ ከኋላ። መቼ ተወለዳችሁ ቢላቸው፣ መቼ እንደተገረዝን ነው የምናውቀው፣ አንድ ቀን ነው የተገረዝነው አሉት። መዝጋቢው ሙቀቱ አሰልችቶት ነበር። በአንድ ቀን ከተገረዛችሁ በአንድ ቀን ተወለዱ ብዬ እጽፋለሁ አለና፣ ቀኑን ላላወቀ ሁሉ የሚሰጠውን ዲሴምበር ሠላሳ አንድን ለሦስቱም ሰጣቸው። ቁጥራቸውንም ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ብሎ በተራ ዘጋ። የለያያቸው ያቺ የመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነበረች። እሷ ስትበላ ሦስቱ አንድ ሰው ሆኑ፤ ሲስተሙም ከሦስቱ እንዳጋጣሚ እጁ የገባውን ስም ያዘ፣ የራስሙዲን። የሌሎቹ የሁለቱ ሚስቶችና ልጆች በሙሉ እሱ ላይ ተጫኑ።

«እሺ፣ ሰባቷን ካለችበት መልሺያት።»

«የትም የለችም ፓክ። እዚህ ሰባት ነበረች ብሎ የሚያስታውስ ምንም ነገር ማሽኑ ውስጥ የለም። የምትመለሰው ከወረቀት ነው፤ ከመታወቂያ እያየሁ እንደገና ስጽፋት።» ኢስቲ ጭንቅላቷን አከከች። «ሌላው እዳ ደግሞ፣ የእርስዎን ብቻ ባስተካክል ሚስቶቹ ማን ጋ እንደሚቀሩ ሲስተሙ በራሱ ነው የሚመርጠው። ሦስታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ አንድ ላይ ካልመጣችሁ እኔ አልነካውም። ዓርብ ኑ። ግፋ ቢል ሰኞ።»

ካስዱና ታርሙጂ ከሰዓት በኋላ የሚገኙት አንድ ቦታ ነው፤ ዓሣ ኩሬው አጠገብ ያለችው የቀርከሃ ዳስ፣ ዶሚኖ ላይ። ካስዱ ረጅምና ዝምተኛ ነው፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ታርሙጂ ምላሱ ከቁመቱ የረዘመ።

ራስሙዲ ሁሉንም ነገራቸው። ታርሙጂ እጁ ላይ ያሉትን ዶሚኖዎች ደፍቶ አሰበ።

«ጁሚንተንን ወስደህብኛላ።»

«ማሽኑ ነው የወሰደብህ።»

«እና እንዴት ናት? ካንተ ጋርም ታንኮራፋለች?»

«ታርሙጂ፣ የምሬን ነው። ዓርብ ጠዋት መታወቂያህን ይዘህ ና።»

«ዓርብ እግሬን ያመኛል።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«የዕድሜ ነገር ነው፣ ቀድሞ ይታወቀኛል።»

ራስሙዲ ወደ ካስዱ ዞረ። ካስዱ ዶሚኖ እየቆጠረ፣ «መታወቂያዬ የት እንደገባች እንጃ» አለ። ጆሮው ቀልቷል።

«ምን ሆናችኋል እናንተ ሰዎች? ሚስቶቻችሁ በሌላ ሰው ስም ተመዝግበው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?»

«ስም ምን ያደርጋል» አለ ካስዱ፤ «ከተለያየን ደግሞ ሐሙሱ ሊመጣብን…»

ታርሙጂ በክርኑ ጎሰመው። ዘገየ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች የመቃብሩን ቦታ በየተራ ነው የሚጠርጉት፤ ሐሙስ ሐሙስ፣ ለዓርብ ዋዜማ ዘመድ አበባ ሊበትን ከመምጣቱ በፊት። ተራው የደረሰው ሰው ከጽሕፈት ቤቱ ብጣሽ ወረቀት ይላክለታል። መቃብሩ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፣ ከዱሮም አንዱ ክፍል የነዚህ ሦስቱ ነው፤ አንዱ አንድ ሐሙስ፣ ሌላው ሌላ ሐሙስ፣ በየሦስት ሳምንቱ። ብጣሹ በአዲሱ ሲስተም መታተም ከጀመረ፣ ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ግን በየሐሙሱ ብጣሿ የምትመጣው ለራስሙዲ ነበር። እሱ ደግሞ ሚስቱ እዚያ ስላረፈች አስበውልኝ ነው ብሎ አንድም ቀን አልጠየቀም።

«ታውቁ ነበር» አለ።

ታርሙጂ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተመለከተው። «ብጣሹ ሲቀርብን፣ ዕድሜያችን ታይቶልን መስሎን ነበር። በኋላ አንተን መጥረጊያ ይዘህ ስናይህ ገባን።»

«ዝም አላችሁኝ።»

«ደስ ብሎህ ስትጠርግ አየንህ። እንደውም ማፏጨት ጀምረህ ነበር። የሚያፏጭን ሰው ማን ያቋርጣል?» ታርሙጂ አሁን ሞቅ አለው። «ደግሞስ ዋርቲናህን የት አገኘሃት? መቃብሩ ላይ። ሐሙስ ሐሙስ ለባሏ አበባ ስታመጣ። በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ብትሄድ ኖሮ ደህና ዋልሽ፣ ደህና ዋልክ ላይ ትቀር ነበር። ያጋባንህ እኛ ነን። ልታመሰግነን ሲገባ መታወቂያ አምጡ ትለናለህ?»

ራስሙዲን ከዚህ ሁሉ በላይ ያበገነው ነገሩ እውነት መሆኑ ነው።

«ሐሙሶቻችንን ለአንድ ዓመት ያዝልን» አለ ካስዱ በትሕትና፤ «ዓርብ እንመጣለን።»

ራስሙዲ ተነስቶ ሄደ። ድልድዩ ሥር ሲደርስ ዋርቲናህ ባዶ ሳህኖቿን እያጠበች ነበር። ምንም አልደበቃትም። የዜሮዋን፣ የሰልፉን፣ የሐሙሱን፣ የተጠየቀውን ዋጋ ሁሉ ዘረገፈላት። ስለ ብጣሿ ሲነግራት ግን ማጠቧን አቆመች።

«በየሐሙሱ የምትመጣው ለኔ መስሎኝ ነበር» አለች።

ራስሙዲ አረንጓዴ ጣቶቹን አየ። ልቡ ውስጥ ሁለት መልስ ነበረው፤ አንዱ የሚያምር፣ አንዱ እውነት። በዚህ ሰሞን በግምት የተሞላ ነገር አንገሽግሾታል።

«የመጀመሪያውን ወር በወረቀቷ ነው የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቷን ማንበብ ትቻለሁ። ባትመጣም እመጣ ነበር።»

ዋርቲናህ ሳህኑን ገለበጠችው። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ራስሙዲ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር።

«ሁለቱ የፈቃድ ደብዳቤዎች ኪስህ ውስጥ ናቸው?»

«አሉ። አይሆንም ብለሽ ስለነበር…»

«ስጠኝ። ለማስፈረም አይደለም። ሩሚያህና ጁሚንተን የማን ሚስት እንደሆኑ ራሳቸው ያንብቡት ብዬ ነው። አንተ ቤትህን ጠርገህ ጠብቅ።»

ዓርብ ከሶላት በኋላ ራስሙዲ ደጁ ላይ ተቀምጦ የመዳብ ጥብጣብ ሲያጥፍ አንድ ትልቅ ድስት በበሩ ገባ። ከድስቱ በስተኋላ ቡ ሩሚያህ ነበረች። ከሷ ኋላ ቡ ጁሚንተን፣ በአንድ እጇ የተጠበሰ ዓሣ፣ ብብቷ ሥር የተጠቀለለ ምንጣፍ።

«ምንድነው?» አለ ራስሙዲ ብድግ ብሎ።

«ባላችን ቤት መጣን» አለች ሩሚያህ። «መንግሥት ጽፎታል። ከመንግሥት ጋር እሰጣገባ አልገጥምም።»

«አርባ አራት ዓመት ሙሉ ለታርሙጂ አብስያለሁ» አለች ጁሚንተን ምንጣፏን ስትዘረጋ፤ «ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ሲለኝ። ለካ የሰው ቤት ነው ስቀልብ የኖርኩት። ያንተ ነገር፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሻል አትለኝም?»

«እኔ ዛሬ ሳምንት እንኳ አላውቅም ነበር…»

«ወንድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ራስሙዲ የሁለት ሚስት ባል ምን እንደሚገጥመው በሁለት ሰዓት ውስጥ ተማረ። ሩሚያህ ሚጥሚጣ ስትጨምር ጁሚንተን ታወጣለች። አንዷ ማኅተሞቹን ከመስኮት ወደ ግድግዳ አዛወረች፣ ሌላዋ ከግድግዳ ወደ መስኮት መለሰች። ሁለቱም ባንድ አፍ የተስማሙት ያቺ ቡናማ ሸሚዙ ለሰርግ እንደማትሆን ላይ ብቻ ነው። የማለዳ ሥራዋን ጨርሳ የመጣችው ዋርቲናህ ደግሞ እንደ እንግዳ ጥግ ይዛ፣ የቀረበላትን በላች፣ «ደስ የሚል ቤተሰብ ነው» አለች።

ቅዳሜም መጡ። እሑድም። ጠዋት መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ እየተሳሳቁ አብስለው፣ በልተው፣ የተረፈውን ለጎረቤት አድለው ማምሻውን ባዶ ድስት ይዘው ይገባሉ። ቤት ሲደርሱ፣ ራት የት አለ ላላቸው፣ «ባላችንን አብልተን መጣን፣ አንተንም የምታበላህ ሚስትህ ናት» ይላሉ። የመንደሩ ሰው በአጥሩ በኩል ማለፍ አበዛ። ሰላም ብለውት የማያውቁት እንኳ ቆም እያሉ፣ «ፓክ፣ አራተኛዋስ መቼ ትመጣለች?» ይሉታል። ራስሙዲ ከአፍረቱ ብዛት እሑድ ጠዋት መዳቡን አልጋው ሥር ተቀምጦ ነው ያጠፈው።

እሑድ ዐሥር ሰዓት ገደማ ታርሙጂ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ሦስት ቀን ደረቅ ሩዝና ጨው የበላ ሰው ፊት ነበረው። ካስዱ ከኋላው ቆሟል።

«ሚስቴን መልስልኝ» አለ ታርሙጂ።

«የትኛዋን?» አለ ራስሙዲ። ይህን ያለው ሳያስበው ነው፤ ከውስጥ ሦስት ሴቶች ሲስቁ ሰማ።

«አትቀልድብኝ። ርቦኛል።»

«እግርህስ?»

«ድኗል።» ታርሙጂ ከኪሱ መታወቂያ አውጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ አሳየው። «ይቺውልህ። ካስዱም አግኝቷታል። የት ነበረች ካስዱ?»

«ኪሴ ውስጥ» አለ ካስዱ። ጆሮው አልቀላም።

«ሐሙሶቻችሁስ?»

ታርሙጂ ከራስሙዲ ትከሻ በላይ አሻግሮ ወጥ ቤቱን አየ። ነፋሱ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አመጣለት። «እንጠርጋለን» አለ ድምፁ ሰልሎ። «የራሳችንን እንጠርጋለን።»

ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ለሰዉ አልበቃም። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደዚያ ዘመኑ ተሰለፉ፤ ካስዱ ከፊት፣ ራስሙዲ መሃል፣ ታርሙጂ ከኋላ። ሚስቶቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዋርቲናህ ግን አልተቀመጠችም፤ ከኢስቲ ወንበር ኋላ ቆማለች።

ኢስቲ ዓይኗ ቀልቷል። «ቅዳሜና እሑድን እዚሁ ነው የዋልኩት» አለች። «ዐምዱን ቀይሬዋለሁ። እስከ ዛሬ ቁጥር ይል ነበር፤ አሁን ጽሑፍ ነው የሚለው። የሰው መታወቂያ አይደመር፣ አይቀነስ፤ እንደ ስም ነው። እንደ ስም ሳስቀምጠው ማሽኑ አያጠጋጋውም። ሁለት ሺ ሦስት መቶውንም ከወረቀቱ እያየሁ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ እስከ ሱሮ ማለቂያ ሌላ ሥራ አትስጡኝ። ካስዱ ይምጡ።»

ጻፈች። መጨረሻው ስድስት። ሩሚያህ ወደ ካስዱ ተመለሰች፣ አራት ልጆቿን ይዛ። ከዚያ የታርሙጂን፣ ስምንት። ጁሚንተን ከነሰባት ልጆቿ ተሻገረች። በመጨረሻ የራስሙዲን። ኢስቲ አሥራ አምስቱን ቶሎ ቶሎ መታች፣ አሥራ ስድስተኛዋ ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። ሰባት።

«ተመልሳለች» አለች።

«ዝጊው» አለች ዋርቲናህ።

«እ?»

«ስትጽፊው ሁሉም ልክ ነው። ባለፈውም ልክ ነበር የጻፍሽው። እኔ ማየት የምፈልገው ዘግተሽው ስትመለሺ ምን እንደሚጠብቅሽ ነው።»

ኢስቲ አየቻት። ከዚያ አስቀመጠችው፣ ዘጋችው፣ ሙሉ በሙሉ አጠፋችው። ማሽኑ አርጅቷልና ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። ራስሙዲ በዕድሜው አንድ ጠቋሚ መስመር ብልጭ ድርግም ስትል እንደዚያ ትኩር ብሎ አይቶ አያውቅም። ስሙ ወጣ። ዋርቲናህ ጎንበስ ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ፣ መታወቂያውን በሌላ እጇ ይዛ፣ አንድ በአንድ ቆጠረች። አሥራ ስድስተኛዋ ላይ ጣቷ ቆመ። ሰባት ነበረች። ከሥሯ፣ ሚስት፦ ሟች። ሌላ የለም።

«አሁን የኔን» አለች።

ኢስቲ የዋርቲናህን ከፈተች። መጨረሻው ዜሮ ነው።

«ይቺም ተበልታለች» አለ ታርሙጂ።

«አልተበላችም። የኔዋ ከመጀመሪያውም ዜሮ ናት።» መታወቂያዋን ሰጠቻት። እውነቷን ነው።

ኢስቲ መታወቂያውን አየች፣ ስክሪኑን አየች፤ ሁለቱ ዜሮዎች አንድ ዓይነት ናቸው። እሷ ግን ያቺን ዜሮ አጥፍታ እንደገና ዜሮ ጻፈችበት።

«ምን ተለወጠ?» አለ ታርሙጂ።

«የፊተኛዋን ማሽኑ ነው ያስቀመጣት» አለች ኢስቲ፤ «ይቺን አይቼ የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ማተሚያው ጮኸ፤ ወረቀቷ ወጣች። ዋርቲናህ ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበበቻት፣ ከዚያ እጇን ወደ ራስሙዲ ዘረጋች። «እስክሪብቶ አለህ ካንግ?» አለችው። አልነበረውም። ካስዱ አበደረው። ዋርቲናህ ቀጥ ባለ ወገቧ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ፈረመች፣ ራስሙዲም ከሥሯ ፈረመ።

ሰዉ ሊበተን ሲል ታርሙጂ ወደ ኢስቲ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምባክ፣ ለኔ አሁን ስንት ሚስት ይላል?»

«አንድ፣ ፓክ።»

ታርሙጂ ወደ አግዳሚው ጨረፍ አድርጎ አየ። ጁሚንተን ባዶ ድስቷን አቅፋ እዚያው ትጠብቀዋለች።

«እስቲ ዘግተሽ ክፈቺው» አለ።